የጎደለው ግማሽ ጉንጉን

ኑ፣ ጠጋ በሉ። በር ላይ የቆማችሁትም ግቡ፣ ቦታ አለ። ጆሯችሁ ውስጥ ያለችውን የማዳመጫ ፍሬ አውጡና ኪሳችሁ ክተቷት፤ ይህን ወሬ በባዶ ጆሮ ነው መስማት። አላስረዝምባችሁም። አንዲት ሴት ሰባት ጉንጉን ሠርታ እስክትጨርስ ያለ ጊዜ ነው፤ እኔ መሐል ላይ ማረፍ ስለምወድ ቢበዛ ስምንት።

ነገሩ የሆነው ደሴ ውስጥ፣ በሁለት ሺህ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ሸዋ በር፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ሔራን የምትባል የስድሳ ሁለት ዓመት ሹሩባ ሠሪ ነበረች። ሹሩባ የሚሠራ ማሽን ያን ጊዜ በየመንደሩ ገብቷል። ራስሽን ታስገቢያለሽ፣ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ፣ ስትገልጪ አልቋል። ቢሆንም ማሽን ራስ አይዳብስም። ማሽን "ምነው ከሳሽ?" አይልም። ስለዚህ ሔራን ዘንድ የሚመጣ ሰው አልጠፋም።

ቤቷ ጠባብ ናት። ሁለት ዱካ፣ አንድ መስታወት፣ ሚዶ የሚቀመጥበት ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ሳጥን። ሳጥኑ የንጥር ነው። ንጥር ማለት ሙዚቃ ወደ ሰው ቤት የሚልከው ኩባንያ ነው፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ ከስረው ሲዘጉ እሱ ብቻውን ቀረ። ሳጥን የሌለው ቤት የንግድ ፈቃድ አያገኝም። ሳጥኑ ያሰማል፤ ይሰማልም። አንዲት ደንበኛ ዱካው ላይ ተቀምጣ የምታውቀውን ዜማ ብታንጎራጉር፣ ለስለስ ባለ ድምፅ "ባለመብት ያለው ዜማ አንጎራጉረዋል። ተመዝግቧል። እናመሰግናለን" ይላል። የደሴ ሴቶች አፋቸውን ገጥመው መሠራት ከለመዱ ቆይተዋል። ለማንም አይገርምም ነበር።

ድምፁ ደረጃ አለው። አንደኛው "ንጥር" ነው፣ እንደ ኩባንያው ስም። ማሲንቆው ላይ የጭራው ክር ሲፈተግ ይሰማል፣ ዘፋኙ ምራቁን ሲውጥ ይሰማል። ሁለተኛው "ለጋ" ነው። ሦስተኛው በወረቀት ላይ ሌላ ስም ነበረው፤ ሰዉ ግን "አሬራ" ይለዋል። ንጥር ድምፅ መላክ ለኩባንያው ከባድ ሸክም ነበር፤ ስለዚህ የሚለይ ጆሮ ላለው ብቻ እንዲሰጥ ተወሰነ። በየመስከረሙ ሰዉ ቀበሌ ይሄዳል፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ ሁለት ድምፅ ይሰማና "የቱ ይበልጣል?" ይባላል። የሳተ ወደ ታች ይወርዳል። ሽማግሌ ሲላክ እንኳ "የልጅቱ ጆሮ ምንድን ነው?" ብሎ መጠየቅ ተለምዶ ነበር። "ለጋ ናት" ከተባለ ፊት ይጠቁራል።

ሔራን በዚያ መስከረም ከንጥር ወደ ለጋ ወረደች።

ወሬውን አስቀድማ የሰማችው ኢክራም ናት። ኢክራም የሔራን አብሮ አደግ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጧት እዚያች ዱካ ላይ ተቀምጣለች።

"አሉ ጆሮሽ ወረደ?" አለች ሻሿን እየፈታች።

"ዝም በይ አንቺ። ያንቺ የት ሆነና!"

"የኔማ አሬራ ከሆነ ስምንት ዓመቱ። ወላሂ ምንም አልጎደለብኝም። ባሌ ሲጨቀጭቅ ራሱ በአሬራ ነው የምሰማው።"

ሔራን ሳቀች። ግን ልቧን ቅር ብሎት ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ዘፈን አላት።

ይህን ላስረዳችሁ። ሔራን የምትሠራው በሰዓት ሳይሆን በዘፈን ነው። ያ ዘፈን ከተቀረጸ ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ደሴ ፒያሳ በነበረ አንድ አዝማሪ ቤት ውስጥ፣ ጓንጉል የሚባል አዝማሪ ሲጫወት፣ ከነታዳሚው፣ ከነብርጭቆው ኳኳታ ተቀርጾ የወጣ ነው። አዝማሪ ቤት እንደምታውቁት፣ ታዳሚ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል። በዚያ ዘፈን መካከል አንዲት ሴት ከጠረጴዛ "ተቀበል!" ትላለች። ወይንሸት ትባላለች። የሔራን እናት ናት።

*ደሴ ላይ ዘነበ፣ ጦሳ ላይ አባራ፣*
*ሰው ይናፍቃል ወይ…*

እዚህ ላይ ትጠፋባታለች። "ውይ!… ቆይ፣ ቆይ፣ ጠፋችብኝ" ትላለች፤ ትስቃለች። ሳቋ ከአፍንጫ ይጀምርና ደረት ውስጥ ይገባል። ጓንጉል "አይዞሽ እመቤቴ፣ እጠብቃለሁ" ይላትና ማሲንቆውን እያዞረ ያቺኑ አንዲት ሐረግ ይመላልሳል፣ ይመላልሳል። ቤቱ ይንጫጫል። ከዚያ በድንገት ታገኛታለች፤

*…ከራሱ ሰው ጋራ!*

ቤቱ ይደባለቃል። ጓንጉል ግጥሟን ተቀብሎ ያወርደዋል።

ወይንሸት ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። የሔራን አባት ለሔራን ሲነግራት፣ "እናትሽ ግጥም የምትረሳ ሴት አልነበረችም። አንቺ ነሽ ያስረሳሻት። ልክ 'ሰው ይናፍቃል ወይ' ስትል ረገጥሻት። የመጀመሪያ እርግጫሽ ናት" ይላት ነበር። ሔራን ሁለት ዓመት ሳይሞላት ወይንሸት ሞተች። ስልኳ ላይ የነበረው ድምፅና ምስል አንድ ኩባንያ ዘንድ ተቀምጦ ነበር፤ ኩባንያው ሲዘጋ አብሮ ሄደ። ሙዚቃ ቀድቶ በየቤቱ የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ያን ጊዜ የለም። የቀረች ያቺ ሳቅ ናት። እናትና ልጅ አብረው ያሉበት ቦታ በዓለም ላይ ያቺ ብቻ ናት፤ አንዷ ስትስቅ፣ አንዷ ስትራገጥ፣ አዝማሪው ሲጠብቅ።

እና ሔራን ስትሠራ መጀመሪያውን ጉንጉን ከዘፈኑ ጋር ትጀምራለች። አራተኛውን ስትይዝ እናቷ "ተቀበል" ትላለች። ማሲንቆው እልም ሲል ሰባተኛው ይቋጠራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዝንፍ ብሎ አያውቅም፤ በተለይ በኢክራም ራስ ላይ።

በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ዘፈኑ አለቀ። የሔራን ጣቶች ግን ሰባተኛው ጉንጉን ግማሽ ላይ ነበሩ።

እጇ እንደያዘ ቀረ።

"ምነው? ቅማል አገኘሽ?" አለች ኢክራም።

"ኢክራም፣ እማዬን ሰምተሻታል?"

"የቷን?"

"እማዬን። ዛሬ ስትስቅ ሰምተሻታል?"

ኢክራም አሰበች። "እኔ እኮ ሳወራ ነበር። አንቺ ራስሽ አልሰማሽም?"

አልሰማችም። አራተኛው ላይ ጓንጉል ግጥሙን ከየትም ያመጣው ይመስል በራሱ ሲያወርደው ትዝ አላት። ሐሳብ ይዟት ነው ብላ ደገመችው። ያው ነው። ሳጥኑን ጠየቀችው።

"ዘፈኑ አልተለወጠም" አለ ሳጥኑ። "የጆሮ ልክዎ ባለፈው መስከረም ተለውጧል። በዕድሜ የሚያጋጥም ነው። አይዞዎት። የጆሮ ድጋፍ እንዲላክልዎ ይፈልጋሉ?"

ጆሮዋን ተጠራጠረች፤ መቼም በስድሳ ሁለት ዓመት ጆሮ የማይጠረጠር የለም። ቀጥሎ እጇን ተጠራጠረች፤ ዘግይታ ይሆናል። ሳምንቱን ሙሉ ጣቶቿን እያየች ከረመች። ከዚያ አንድ ነገር መጣላትና ኢክራምን ያለ ተራዋ ጠራቻት።

"ፀጉርሽን ፍቺው፣ ልሠራሽ ነው።"

"ከተሠራሁ ሳምንቴ እኮ ነው!"

"ፍቺው ብያለሁ።"

መጀመሪያ ሌላ ዘፈን ከፈተች፤ ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ፣ ታዳሚ የሌለበት የሠርግ ዘፈን። እሱ ሁልጊዜ አራተኛው ሲቋጠር ነው የሚያልቀው። አራተኛው ተቋጠረ፣ ዘፈኑም አለቀ። ፈታችው። የጓንጉልን ከፈተች። ሰባተኛው ግማሽ ላይ ቆመ።

"እጄ አልዘገየም" አለች ሔራን በቀስታ።

"ፀጉሬ ሳስቶ ነው እንዳትይኝ ብቻ!"

"ቢሳሳማ ቶሎ ነበር የምጨርሰው። ዘፈኑ አጥሯል ኢክራም። ከመሐሉ ተቆርጧል።"

ኢክራም ወደ ሳጥኑ ዞር ብላ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "በነቢ! ታዲያ ይሄ ለምን ጆሮሽ ነው አለሽ?"

ይህን ጥያቄ ያዙልኝ።

ሰኞ ጧት ሁለቱም ንጥር ቢሮ ሄዱ። ቢሮው ፒያሳ ነው። ግድግዳው ድምፅ ይውጣል፤ ጫማሽ ሲረግጥ አይሰማሽም፣ የራስሽ ትንፋሽ ግን ይሰማሻል። የተቀበላቸው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ በእምነት የሚባል ሠራተኛ ነበር። ተነሥቶ፣ በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

"እትዬ ሔራን! እናቴ እኮ እርስዎ ዘንድ ነበር ፀጉሯን የምትሠራው።"

"ማን ናት እናትህ?"

"ብዙ ጊዜዋ ነው፣ አያስታውሷትም" አለና ወንበር ሳበላቸው።

ሔራን ነገሩን ነገረችው። እሱም በትዕግሥት ሰምቶ፣ ሳጥኑ ያለውን ቃል በቃል ደገመው፤ ዘፈኑ አልተለወጠም።

"እሺ ልጄ" አለች ሔራን። ከቦርሳዋ ሚዶ አወጣች። "ዘፈኑን በዚህ በናንተ ክፈተው። በንጥሩ። ኢክራም፣ ተቀመጪ።"

"እዚህ?" አለ በእምነት።

"እዚህ።"

"ባሌ ሳይሰማ ብቻ" አለች ኢክራም ለራሷ፤ ሻሿን ፈታች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ልጁ ሳቅ ሊል ፈልጎ ተወው። ዘፈኑን ከፈተ። በዚያ ዝም ባለ ቢሮ ውስጥ ሚዶው ፀጉር ሲከፍል ይሰማ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው ላይ ሔራን ልጁን ቀና ብላ አየችው፤ እሱ ጠረጴዛውን አየ። ዘፈኑ አለቀ። ሔራን ግማሹን ጉንጉን በሁለት ጣቷ ይዛ አነሣችለት።

"ይቺን ግማሽ የት አደረጋችኋት?"

በእምነት ወንበሩን ጠጋ አደረገ።

"እማማ፣ ልክ ነዎት። ጆሮዎ ደህና ነው።" ቀጠለ፣ በቀስታ፣ ብዙ ጊዜ የተናገረው በሚመስል አነጋገር። "ድምፁን እያጠራን እያጠራን ስንሄድ፣ ታዳሚው ሁሉ መሰማት ጀመረ። ድሮ ጫጫታ የነበረው ሰው ሆነ። አንዱ መጣና 'ያቺ ሳል የአባቴ ናት፣ ድርሻዬን' አለ። አንዷ 'ያ እልልታ የኔ ነው' አለች። በሁለት ሺህ ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ብቻ ዐሥር ሺህ ክስ መጣብን። ለሳል ሁሉ ድርሻ እየሰጠን መዝለቅ አንችልም። ሌሎቹ ኩባንያዎች የወደቁት በዚህ ነው። ስለዚህ ስም የሌለውን ድምፅ ሁሉ ማውጣት ጀመርን። ተራው ለዚህ ዘፈን ዘንድሮ ደረሰው።"

"የመጀመሪያውስ? የድሮው የት ነው ያለው?"

"በንጥር ጥራት ሁለት ሁለት ቅጂ ማስቀመጥ አይቻልም፣ እማማ። ይተካል።"

"ጠፋች በለኛ!"

"አልጠፋችም" አለ በእምነት። "ይመለሳል። ለባለቤት ይመለሳል። እርስዎ ልጇ ነዎት። የልጅ ጉሮሮ ከእናት አይርቅም፤ የርስዎን ድምፅ ተቀብለን የእናትዎን እናወጣለን። ስም ያለው ድምፅ ደግሞ ማንም አያወጣውም። መፈረም ብቻ ነው።"

ወረቀቱ ላይ "ለዚህና ለመሰል ሥራዎች" የሚል ነበረበት። ኢክራም መነጽሯን አድርጋ አነበበችው።

"መሰል ማለት ምንድን ነው?"

"የተለመደ ቃል ነው" አለ በእምነት።

ሔራን ፈረመች። እናንተ ብትሆኑ አትፈርሙም? እኔ እፈርም ነበር።

በመስታወት የታጠረች ክፍል ውስጥ አስገቧት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቃላት አነበበች፤ "በር"፣ "ገደል"፣ "እንኳን አደረሳችሁ"። ቀጥሎ በእምነት "አሁን ይሳቁ" አላት።

"ምን ያስቃል?"

ኢክራም በመስታወቱ ማዶ ቆማ ነበር፣ ራሷ እኩሉ ተሠርቶ እኩሉ ተበትኖ። በሁለት እጇ ሁለት ጉንጉን ወደ ላይ አቆመችና እንደ ፍየል ቀንድ አድርጋ መስታወቱን ልትወጋ መጣች። ሔራን ተንፈራፍራ ሳቀች፤ መጨረሻ ላይ ትን ብሏት አንድ ጊዜ ጭጭ የምትል ሳቅ።

"በጣም ጥሩ" አለ በእምነት። "አሁን ግጥሙን ይንገሩኝ። እናትዎ እንዳሉት።"

እዚህ ላይ ነው ሔራን የተሳሳተችው፤ ስሕተቷም የኛው ስሕተት ነው። አፏን ከፈተች። ከመስታወቱ ማዶ ሦስት የማታውቃቸው ሰዎች መጥተው ቆመዋል። የሞተች እናቷ በባዕድ ሰው ፊት ግጥም ጠፋባት፣ ተደናገረች ብላ ትናገር? የእናት ገመና ቢሮ ውስጥ ይዘረገፋል? ቀጥ ብላ፣ ጥርት አድርጋ፣ ሁለቱንም ቤት ሳታቋርጥ አወረደችው።

*ደሴ ላይ ዘነበ፣ ጦሳ ላይ አባራ፣*
*ሰው ይናፍቃል ወይ ከራሱ ሰው ጋራ።*

"ጨርሰናል" አለ በእምነት።

ሲወጡ ኢክራም ደረጃው ላይ ክንዷን ያዘቻት። "ለምን ደፍነሽ ነገርሻቸው? ትስት የለ እንዴ?"

"ታዲያ እናቴ አትችልም ልበል?"

ከኋላቸው፣ በሩ ሳይዘጋ፣ ቀጥሎ የገባ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ነበር፤ በእምነት ተነሥቶ በሁለት እጁ ሲጨብጠው ሰሙ። "አባቴ እኮ እርስዎ ዘንድ ነበር የሚያሰፋው" ይለው ነበር።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ሳጥኑ ራሱ ተናገረ። "እትዬ ሔራን፣ የጠየቁት ድምፅ ተመልሷል።" ቤቱ ውስጥ አራት ሴቶች ነበሩ። ዘፈኑ ተከፈተ። አራተኛው ጉንጉን ላይ አንዲት ሴት "ተቀበል!" አለች፤ ግጥሟንም ጥርት አድርጋ አወረደች፤ ሳቀች። ጓንጉል ተቀበለ። አንዷ ደንበኛ አለቀሰች። "እናትሽ እንዴት ያለች ጎበዝ ነበረች!" አለች ሌላዋ።

ሔራን አላለቀሰችም። ጣቶቿን ነበር የምታዳምጠው። ዘፈኑ ሲያልቅ፣ ሰባተኛው ጉንጉን ላይ የቀረውን እየጎነጎነች በልቧ ቆጠረች። እስኪቋጠር ጣቷ ሃያ ጊዜ ተመላለሰ። ሃያ ጊዜ፤ እናቷ ቃሏን የፈለገችበት፣ አዝማሪው የጠበቀበት፣ እሷ ማኅፀን ውስጥ ሆና የተራገጠችበት። እናቷን የመለሱላት ይመስላሉ፤ ሔራን ራሷ ግን ዘፈኑ ውስጥ የለችም። የመለሷትም ሴት ብትሆን ሳቋ ከአፍንጫ አልጀመረም። መጨረሻው ላይ አንድ ጊዜ ጭጭ አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ኢክራም መጣች። ገና ሻሿን ሳትፈታ ቆመች።

"አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ አትደንግጪ። ትናንት ልጄ ቤት አንድ የድሮ የጎንደር ሠርግ ያሰማሉ፤ እኛ ሳንወለድ የተቀረጸ። መሐሉ ላይ አንዲት ሴት ሳቀች።"

"እና?"

"እናማ ያቺ ሳቅ እኔ የፍየል ቀንድ አድርጌ ያሳቅኩሽ ሳቅ ናት። ትን ያለሽ ሳትቀር! ከዚያ ሌላ ከፈትኩ። የሐረር። አለሽ። የወለጋ። አለሽ፣ 'እንኳን አደረሳችሁ' ትያለሽ። ሔራንዬ፣ በየሰው ሠርግ ላይ ተቀምጠሽ ትስቂያለሽ።"

ሔራን ዱካው ላይ ተቀመጠች። ከከፈተችው ከሃያ ዘፈን አሥራ ስድስቱ ውስጥ ራሷን ሰማች። አንዱ ውስጥ በራሷ ግጥም ላይ እልል ትላለች። የማንም ያልሆነ ጫጫታ ወጥቶ፣ በቦታው አንዲት የፈረመች ሴት ገብታለች። አገሩ ሁሉ ዝም ተሰኝቶ፣ ሔራን ብቻዋን በስሙ ትስቅለታለች።

"ድምፄን መልሱልኝ" አለች ለሳጥኑ።

"ድምፅዎ በደህና እጅ ነው" አለ ሳጥኑ። "በዚህ ወር አራት ሚሊዮን ሰው ሰምቶዎታል። እናመሰግናለን።"

ኢክራም አገጯን ወደ በሩ ወረወረች። ወጥተው፣ ፍሬያቸውን ከጆሮ አውልቀው፣ የቦዩ ውሃ ድምፅ የሚያይልበት ቦታ ድረስ ሄዱ።

"የኛስ ዘፈን?" አለች ኢክራም። "ቢያንስ እሱ ይስተካከል። ሂጂና ንገሪያቸው። ትስት ነበር በያቸው፤ ሳቋ እንዲህ ነው፣ አዝማሪው እንዲህ ይላል፣ ይህን ያህል ይቆያል በያቸው። ይሠሩልሻል። ልክ እንደነበረው ትሰሚያታለሽ።"

ሔራን ውሃውን አየች። ፈልጋ ነበር፤ አልዋሻችሁም፣ በጣም ፈልጋ ነበር። አንድ ቃል ብትናገር እናቷ ነገ ጧት ግድግዳው ላይ ትስቅላት ነበር።

"ብነግራቸው እሱንም ይሠሩታል" አለች በመጨረሻ።

"እንዲሠሩት አይደል?"

"ከዚያ በየሠርጉ ይሳሳቱታል፣ ኢክራም። በየዘፈኑ አንዲት ሴት ግጥም ይጠፋባታል፣ በየዘፈኑ አዝማሪ ይጠብቃታል። ያኔ 'አንቺ ነሽ የረገጥሻት' ማን ይለኛል?"

ኢክራም ክንዷን ያዘቻት።

ተመለሱ። ኢክራም ተቀመጠች። ሔራን ዘፈኑን ከፈተችና ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛውን ስትይዝ፣ ያቺ የተሠራችው ሴት አፏን ልትከፍት ስትል፣ ሳጥኑን ዘጋችው። ዝም አለ። እሷ ግን አልቆመችም። የእናቷን ግጥም በልቧ እያወረደች ጎነጎነች፤ 'ሰው ይናፍቃል ወይ' ላይ ስትደርስ የጣቶቿን ምልልስ መቁጠር ያዘች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…

"ተቋርጧል" አለ ሳጥኑ። "ይቀጥል?"

ማንም አልመለሰም። ኢክራም ትንፋሿን ዋጠች። ተራዋን የምትጠብቅ አንዲት ሴት ልታንጎራጉር የነበረውን አፏ ላይ በእጇ ያዘችው። ሰባት፣ ስምንት… ፀጉር በፀጉር ላይ ሲያልፍ የሚሰማው ሸር ሸር ብቻ ነበር፤ ያን ደግሞ ሳጥኑ የሚጽፍበት ስም የለውም። አሥራ አምስት ላይ የኢክራም ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየች፤ መሳቋ ይሁን ማልቀሷ ከኋላ አይታወቅም።

"ችግር አለ?" አለ ሳጥኑ። "ይቀጥል?"

አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ሔራን የቀረችውን ሐረግ በልቧ ጨርሳ፣ የተሠራችውን ሴት አሳልፋ፣ ጓንጉል ግጥሙን ከሚያወርድበት ከፈተችው።

ዘፈኑ እልም ሲል ሰባተኛው ጉንጉን ተቋጠረ።

ከዚያ ወዲህ ሸዋ በር እሷ ዘንድ የተሠራች ሴት ሁሉ ያን ዝምታ ታውቀዋለች። አንዳንዷ ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ ለምዳዋለች። ኩባንያው አንድ ሁለት ጊዜ ሰው ልኮ "ሳጥኑ ብልሽት አለው?" ብሎ ጠየቀ፤ የተላከውም ሰው ተቀምጦ አየ፣ ፀጉር ሲሠራ ብቻ ነው ያየው።

እኔም ሰባቱን ጨረስኩ። እንግዲህ አደራ ልስጣችሁ፣ ከባድ አይደለም። ነገ ከነገ ወዲያ ፍሬያችሁን ጆሯችሁ ውስጥ ስትመልሱ፣ አንድ የድሮ ዘፈን ውስጥ አንዲት ሴት ግጥሟን ሳትሳሳት ጥርት አድርጋ ብታወርድ፣ እዚያች ላይ ዝጉት። አትናገሩ። ጣታችሁን ጉልበታችሁ ላይ ሃያ ጊዜ አመላልሱላት። አንዲት ልጅ እናቷን የረገጠችበት ጊዜ ነው፤ እባካችሁ አስታውሱላት።